ምርቱ ሲቆም ዋጋው የሚጨምር መጫወቻ

የልጆች መጫወቻ ባረጀ ቁጥር ዋጋው እንደሚቀንስ ይታመናል። ከካርቱን ፊልሞች ተነሥተው የሚሠሩ የሌጎ ተገጣጣሚ መጫወቻዎች ግን አንዳንድ ጊዜ ከዚህ የተለየ ዕጣ ይገጥማቸዋል።

የሌጎ መሥራች ኦሌ ኪርክ ክሪስቲያንሰን በዴንማርክ ቢሉንድ አናጺ ነበር። የኢኮኖሚ ቀውሱ ደንበኞቹን አርሶ አደሮች አቅም ባሳጣ ጊዜ፣ በ1932 እ.ኤ.አ. የእንጨት መጫወቻ መሥራት ጀመረ። የፕላስቲክ ጡቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ኩባንያው ከ2006 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. በባሕር ሥር በሚኖረው ቢጫ ሰፍነግ፣ በስፖንጅቦብ ካርቱን ላይ የተመሠረቱ መጫወቻዎችን አቅርቧል። ካርቱኑ የሌላ ድርጅት ንብረት በመሆኑ ምርቱ በፈቃድ ስምምነት የሚከናወን ነው። ምርቱ ሲቆም ለገበያ የሚቀረው ቀድሞ የተሸጠው ብቻ ይሆናል፤ ፈላጊው ካልቀነሰ ዋጋው ይንራል።

ሰብሳቢዎች በቅድሚያ የሚመለከቱት የዕቃውን ሙሉነት ነው። ካርቶኑ ያልተከፈተ የተሻለ ዋጋ ያወጣል። የተከፈተ ከሆነ ትንንሾቹ የገጸ ባሕርያት ምስሎች፣ የመገጣጠሚያ መመሪያውና ጡቦቹ ሳይጎድሉ መኖራቸው ይጣራል። ፀሐይ የመታው ጡብ ቀለሙ ስለሚወይብ በጥላ ማስቀመጥ ይመከራል።

ሁሉም መጫወቻ ግን አይወደድም፤ ኩባንያው ተመሳሳዩን ዳግም ካመረተ የቀድሞው ዋጋ ሊወርድ ይችላል። በመሆኑም ትርፍ አገኛለሁ በሚል ተስፋ የቤተሰብን ወጪ በዚህ ላይ ማዋል ለኪሳራ ሊዳርግ ይችላል። ጥቃቅኖቹ ክፍሎች ጉሮሮ ውስጥ ሊቀረቀሩ ስለሚችሉም፣ ከ3 ዓመት በታች ካሉ ሕጻናት ሊርቁ ይገባል።