መቋጫ ያጣው ታሪክና የተመልካቾቹ ቁጣ



እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1996 ረቡዕ አመሻሽ ላይ በጃፓን እጅግ ብዙ ወጣቶች በየቤታቸው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ነበር። ከኦክቶበር 1995 ጀምሮ በየሳምንቱ ሲከታተሉት የቆዩት «ኒዮን ጄኔሲስ ኢቫንጌሊዮን» የተባለው ተከታታይ የካርቱን ፊልም የመጨረሻው፣ ማለትም 26ኛው ክፍል የሚታይበት ምሽት ነበር። ሁሉም የጠበቀው ጦርነቱ በማን አሸናፊነት እንደሚያበቃ፣ ለወራት የተቋጠረው ምሥጢርም እንዴት እንደሚፈታ ለማየት ነው። ያዩት ግን ጦርነትም፣ የምሥጢር መፍቻም አልነበረም። አንድ ልጅ በባዶ ቦታ ላይ ወንበር ላይ ተቀምጦ ራሱን ሲጠይቅ፣ በመጨረሻም የሚያውቃቸው ሰዎች ከበውት ሲያጨበጭቡለትና «እንኳን ደስ ያለህ» ሲሉት አዩ። ፊልሙ በዚያው አለቀ። ቁጣው ከዚያ ጀመረ።

«የሙስሊም ቤተሰብ መጽሔት ስለ ጃፓን ካርቱን ምን አገባው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ይሁን እንጂ አኒሜ የሚባለው የጃፓን ካርቱን ዛሬ በየቤታችን ገብቷል። ቁርኣን በሚቀሩ ልጆቻችን አፍ ላይ ሳይቀር የገጸ ባሕርያቱ ስም ይሰማል። ወላጅ የማያውቀውን ነገር «ተው» ቢል ልጁ ከልቡ አይሰማውም። ከዚህም ሌላ የዚህ ፊልም ተመልካቾች ያደረጉት ነገር ስለ ምላስ አደብ፣ ስለ ጥርጣሬና የሰው ልጅ እውቀቱ የት ላይ እንደሚቆም ብዙ የሚያነጋግር ሆኖ አግኝተነዋል።

ታሪኩ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ዘመኑ 2015 ተብሎ የታሰበ ሲሆን ሺንጂ ኢካሪ የ14 ዓመት ልጅ ነው። እናቱን በሕፃንነቱ አጥቷል፤ አባቱ ጌንዶ ደግሞ ሌላ ሰው እንዲያሳድገው ትቶት ሄዷል። ከዓመታት በኋላ አባቱ ያስጠራዋል። ልጁም በልቡ ጥቂት ተስፋ ይዞ ይሄዳል። አባትየው ግን የፈለገው ልጁን ሳይሆን ተዋጊውን ነው። «ኢቫንጌሊዮን» በተባለ ግዙፍ የጦር ፍጡር ውስጥ ገብቶ ከተማዋን ከሚያጠቁ ጭራቆች ጋር እንዲዋጋ ያዘዋል። ሺንጂ እሺ የሚለው ጀግና ስለሆነ አይደለም፤ ካልተዋጋ የሚፈልገው ሰው እንደማይኖር ስለሚፈራ ነው። መምህራን የሆንን ሰዎች ይህን ልጅ ከሩቅ አገር ሄደን መፈለግ አያሻንም። ጥሩ ውጤት ካላመጣ እቤት የሚወደው ያለ የማይመስለው ተማሪ በየክፍሉ አለ። የጃፓን ወጣቶችም ከፊልሙ ጋር የተቆራኙት በጭራቆቹ ምክንያት ብቻ ሳይሆን በሺንጂ ውስጥ ራሳቸውን ስላዩ ነው።

ጊዜውም ከባድ ጊዜ ነበር። በዚያው በ1995 ጃንዋሪ 17 ቀን በኮቤ ከተማና አካባቢዋ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ6,000 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከሁለት ወር ጥቂት አልፎ፣ ማርች 20 ቀን፣ ኦም ሺንሪክዮ የተባለው ቡድን በቶኪዮ የምድር ውስጥ ባቡር ሳሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ለቀቀ። የፊልሙ ዳይሬክተር ሂዴያኪ አኖ ራሱ ከዚህ ሥራ በፊት ለዓመታት በከባድ የመንፈስ ጭንቀት ውስጥ እንደቆየ በይፋ የተናገረ ሰው ነው። ይህ ጭንቀት በፊልሙ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ የሮቦት ጦርነት የመሰለው ታሪክ ክፍሎቹ በጨመሩ ቁጥር ወደ ልጁ ልብ ውስጥ እየጠለቀ ሄደ። በ25ኛውና በ26ኛው ክፍል ደግሞ የውጭው ዓለም ጭራሽ ጠፋ። የሰዎችን ነፍስ ሁሉ ቀላቅሎ አንድ በማድረግ ብቸኝነትን ለማጥፋት የታለመው ድብቅ ዕቅድ ተፈጸመ ወይስ ከሸፈ? ከተማዋስ ምን ሆነች? አባትየውስ? ለዚህ ሁሉ ግልጽ መልስ የለም። በእስክሪብቶ የተሞነጫጨሩ ምስሎች፣ የቆሙ ሥዕሎችና ጥያቄዎች ብቻ ተደረደሩ። የዝግጅቱ ጊዜ እጅግ ተጣብቦ እንደነበረም ይታወቃል።

ተመልካቹ ለሁለት ተከፈለ። ከፊሉ «ስለ እኔ የተነገረ ነው» ብሎ ልቡ ተነካ። ከፊሉ «ተታለልን፣ ተሾፈብን» አለ። ለድርጅቱ ለጋይናክስ የቁጣ ደብዳቤ ጎረፈ፤ በኮምፒውተር የሚላኩ መልእክቶችም ተጨመሩበት። ምሥጢሩን እንፈታለን የሚሉ መጻሕፍት ደግሞ የመጻሕፍት መደብሮችን አጥለቀለቁ። እስከዚህ ድረስ ያለው የሚገርም አይደለም። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ዳይሬክተሩን «እንገድልሃለን» እስከማለት የደረሱ ነበሩ።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። ታሪክ መንገር አንድ ዓይነት አማና ነው። ለስድስት ወር ያህል ሰውን በጉጉት አስሮ፣ እንቆቅልሽ በእንቆቅልሽ ላይ ደራርቦ፣ በመጨረሻ ሳይፈቱ መነሳት ቅሬታ ቢያስነሳ አይፈረድም። እኛም አያቶቻችን ተረት ጀምረው እንቅልፍ ሲወስዳቸው «ከዚያስ?» እያልን ስንቀሰቅሳቸው ያደግን ነን። «ሥራው አላረካኝም፣ ምክንያቴም ይህ ነው» ማለት የተመልካች መብት ነው። ነገር ግን ከ«ሥራው ጎደለ» ወደ «ሰውየው ናቀን»፣ ከዚያም ወደ «ሊቀጣ ይገባዋል» የሚወስደው መንገድ ምን ያህል አጭር እንደሆነ ልብ በሉ! የመጀመሪያው ሊታይ የሚችል ነገር ነው። ሁለተኛው በሰው ልብ ውስጥ ያለውን አውቃለሁ ማለት ነው፣ ይኸውም ዞን (ጥርጣሬ) ነው። ሦስተኛው በዳይነት ነው። ሱረቱል ሑጁራት ማላገጥን፣ በመጥፎ ስም መጠራራትን፣ ጥርጣሬን፣ ነውር መሰለልንና ሐሜትን በተከታታይ አንቀጾች አያይዛ የከለከለችው በከንቱ አይደለም። አንዱ ሌላውን ይጎትታል።

አኖ ምን አደረገ? እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 1997 «የኢቫንጌሊዮን ፍጻሜ» የተባለ የሲኒማ ፊልም አወጣ። ሁሉም «አሁን እውነተኛውን መጨረሻ እናያለን» ብሎ ወደ ሲኒማ ቤት ጎረፈ። ፊልሙ የውጭውን ዓለም ጉዳይ በእርግጥ አሳየ፤ ያሳየው ግን ደምና ጥፋት የበዛበት ነበር። መሐል ላይ ካርቱኑ ድንገት ይቆምና ከሲኒማ ቤት ወንበሮች ላይ የተቀመጡ ሰዎች በእውነተኛ ካሜራ ተቀርጸው ይታያሉ። ለድርጅቱ ከተላኩት መልእክቶች መካከልም፣ የግድያ ዛቻውን ጨምሮ፣ በቅጽበት እያለፉ በሸራው ላይ ይበራሉ። በጨለማ ውስጥ ማንም አያየኝም ብሎ የጻፈ ሰው የጻፈውን ነገር በሺዎች ፊት ተዘርግቶ አገኘው። ይህ በቀል ነበር ወይስ ተግሣጽ? ልብን የሚያውቀው አላህ ነውና አንፈርድም። እኛን ያስደነገጠን ግን ያ ሰው ምን ተሰምቶት ይሆን የሚለው ነው። የጻፍነው ሁሉ የሚነበብበት ቀን እንዳለ እናምናለንና።

የዚያ ፊልም መጨረሻም ቢሆን አልተቋጨም። ሺንጂና አስካ የተባለችው ልጅ በጠፋ ዓለም ባሕር ዳርቻ ላይ ብቻቸውን ቀርተዋል። ልጁ ያለቅሳል፤ እርሷ አንዲት አጭር ቃል ትናገራለች። ቃሏ በጃፓንኛ «አመመኝ፣ አቅለሸለሸኝ» ማለትም «ያስጠላል» ማለትም ሊሆን ይችላል። አድናቂዎች በዚህች ቃል ላይ ከ25 ዓመት በላይ ተከራክረዋል።

እንዲህ ዓይነቱን ክርክር ስንሰማ ትዝ የሚለን በየጁሙዓው የምንቀራው ሱረቱል ካህፍ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) የተናገረውን ሐቅ ከሰው ልብ ወለድ ጋር ማወዳደራችን አይደለም፣ አላህ ይጠብቀን። የምናነሳው የሰሚውን አደብ ነው። በዚህች ሱራ ውስጥ ሁለት ዓይነት ያልተገለጠ ነገር አለ። ሙሳ (ዐ.ሰ.) ከኸድር ጋር በተጓዙበት ታሪክ መርከቧ ለምን እንደተቀደደች፣ ልጁ ለምን እንደተገደለ፣ ግድግዳው ለምን እንደቆመ መጨረሻ ላይ አንድ በአንድ ይገለጣል። ፈተናው መልሱ እስኪመጣ መታገሥ ነው። የዋሻው ወጣቶች ቁጥር ግን እንዲህ አልተገለጠም። ሰዎች ሦስት ናቸው፣ አምስት ናቸው፣ ሰባት ናቸው እያሉ እንደሚከራከሩ ይነገራል፤ ቁጥራቸውን አላህ እንደሚያውቅ፣ ከሰዎችም የሚያውቋቸው ጥቂቶች ብቻ እንደሆኑ ይነገራል፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በዚህ ላይ ጠልቀው እንዳይከራከሩ ይታዘዛሉ። ታሪኩ ሙሉ ነው፣ ለመመሪያ የሚያስፈልገው ሁሉ አለው። ያልተነገረው፣ መመሪያ ያልሆነው ነገር ነው።

ሰው ግን ሰው ነውና በዚህም አላረፈም። የወጣቶቹን ስም፣ የውሻቸውን ስም፣ አልፎ ተርፎም የውሻውን ቀለም ሳይቀር ሲፈልግ ኖሯል። ኢብኑ ከሲር በተፍሲራቸው ስለ ውሻው ቀለም የተሰነዘሩትን አስተያየቶች ጠቅሰው ማስረጃም፣ ጥቅምም እንደሌላቸው ጽፈዋል። በመድረሳ ያለፈ ሁሉ ይህን ጥያቄ የሚያነሳ አንድ ጓደኛ ነበረው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጠያቂው ያችን ቀን ሒፍዙን ያላጠና ልጅ ነው!

የኢቫንጌሊዮን አድናቂዎች የውሻ ቀለም ብዙ ነው። በፊልሙ ውስጥ ያሉት ጭራቆች በጃፓንኛ «ሺቶ»፣ ማለትም «መልእክተኛ» ይባላሉ፤ በእንግሊዝኛው ግን «መላእክት» ተብለዋል፤ ሳኪኤል፣ ራሚኤል የሚል ስምም ተሰጥቷቸዋል። መስቀልና የአይሁድ ምሥጢራዊ ሥዕሎችም ሞልተዋል። ይህን ሁሉ ለመፍታት ስንት ገጽ ተጽፏል! ረዳት ዳይሬክተሩ ካዙያ ጹሩማኪ ግን እነዚህ ምልክቶች ለጃፓናውያን እንግዳና ማራኪ ስለሆኑ እንደተመረጡ፣ የክርስትና ትርጉም እንደሌላቸው ገልጿል። ጌጥ ነበሩ ማለት ነው። ለእኛ ግን ይህ መልስ ጉዳዩን አያቀልለውም። የመላኢካን ስም ለጭራቅ መስጠት በጌጥነትም ቢሆን ለልጆች ዐቂዳ የሚበጅ አይደለም። ወላጆች ይህንና በፊልሙ ውስጥ ያሉትን ከሐያእ የወጡ ትዕይንቶች ይወቁ። ካርቱን ስለሆነ ብቻ የሕፃን ነው ማለት አይደለም።

ከሁሉም በላይ ያሳዘነን ሌላ ነገር ነው። የተቆጣው ተመልካች «ዓለም ምን ሆነች?» ብሎ ጠየቀ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች ግን ሲመልሱ የነበሩት «ልጁ ምን ሆነ?» የሚለውን ነበር። ልጁ የሚጠሉት ሁሉ ቢጠሉትም በሕይወት መኖር እንደሚችል፣ ሌላ ሰው እስካለ ድረስ ሕመም እንዳለ፣ ሕመሙን ፈርቶ መሸሸግ ግን መኖር እንዳልሆነ ገባው። አኖ በጊዜው በካርቱን ዓለም ውስጥ ራሳቸውን ዘግተው የሚኖሩ አድናቂዎችን ይተች ነበር፤ ከእነርሱ እንደ አንዱ ሆኖ። ብዙዎች ይህን አልሰሙም፤ የጦርነቱን ውጤት ሲጠብቁ ነበርና።

እርግጥ በመልሱ ላይ እኛ ከአኖ እንለያለን። በጭብጨባ የተከበበ ልጅ ጭብጨባው ሲያቆም ምን ይሆናል? ፊልሙ ይህን አይነግረንም። አባቱ የናቀው ልጅ ለሰው እይታ ሳይሆን ለጌታው ዒባዳ እንደተፈጠረ ቢያውቅ የሚቆምበት መሬት ይኖረው ነበር። ይህን ግን ጃፓናዊው ዳይሬክተር እንዲነግርልን አንጠብቅም፤ መንገር ያለብን እኛ ነን፤ ያውም ልጁ አጠገባችን ተቀምጦ ሳለ።

አኖ ታሪኩን እንደገና ከ2007 ጀምሮ በአራት የሲኒማ ፊልሞች ሠራው። አራተኛው በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ሁለት ጊዜ ተራዝሞ እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 2021 ወጣ፤ በጃፓን ብቻ ከ10 ቢሊዮን የን በላይ ገቢ አስገባ። በዚህኛው ሺንጂ ከአባቱ ጋር ፊት ለፊት ይነጋገራል። በመጨረሻም አድጎ፣ ጎልማሳ ሆኖ ከአንድ ባቡር ጣቢያ እየሮጠ ይወጣል፤ ሥዕሉም ወደ እውነተኛ ከተማ ምስል ይለወጣል። ከተማዋ ኡቤ ናት፣ አኖ የተወለደባት። በ1995 የሺንጂ እኩያ የነበረ የ14 ዓመት ልጅ በ2021 የ40 ዓመት ሰው ነው፤ ምናልባትም አባት። ብዙዎቹ እፎይ ብለው፣ አመስግነው ወጡ። አንዳንዶቹ ደግሞ፣ ሱብሓነላህ፣ አሁን መጨረሻው በጣም ግልጽ ሆነብን ብለው አማረሩ።