ቁጠባው ከወጡ ይጀምር

ኑሮ ተወደደ ሲባል አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚያነሳው ጤፍን ነው። ወሬው የኩንታል ዋጋ ይሆናል፤ ቤተሰቡም እጁን የሚያሳጥረው ከሌማቱ ላይ ነው፤ ወይ ጤፉን በሌላ እህል ይደባልቃል፣ ወይ እንጀራውን ይቆጥባል። ይህ ለአዲስ አበባ ነዋሪ የሚሠራ ስሌት ሊሆን ይችላል። በደቡብ ወሎ በወረኢሉ፣ በለጋምቦና በቦረና ደጋ ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ወረኢሉ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ናት፤ የዙሪያዋ ገበሬ እንጀራውን ከገብስና ከስንዴ፣ ወጡን ከባቄላ፣ ከአተርና ከምስር ሲያገኝ የኖረ ነው። እህሉ ከጎተራው ያለ ሰው የኑሮ ውድነት የሚገባበት በሌላ በር ነው፤ በዘይቱ፣ በሽንኩርቱ፣ በበርበሬው፣ በስኳሩ። ስለዚህ በዚህ አገር የቤት ቁጠባ መጀመር ያለበት ከእንጀራው ሳይሆን ከወጡ ነው ባይ ነኝ። የጓሮው አትክልትም ሊመረጥ የሚገባው በጥሬ ገንዘብ የሚገዛውን ነገር ለመተካት በሚያስችል መልኩ ነው።

የወጡ ዋጋ የሚቆረጠው ሩቅ ቦታ ነው። አገሪቱ ከምትጠቀመው የምግብ ዘይት አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው፤ የፓልም ዘይቱ መነሻም ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን አልፏል። ሽንኩርትና ቲማቲም ደግሞ ከመስኖ ቆላ ተጭነው ደሴ ይደርሳሉ፤ ከደሴ በጉጉፍቱ በኩል ወደ ወረኢሉ፣ በአቀስታ በኩል 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ወደ መካነ ሰላም ይወጣሉ። የነዳጅ ድጎማ ከ2014 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም የአማራ ክልልን ያናወጠው ግጭት መንገድ በዘጋ ቁጥር፣ ጭማሪው ሁሉ የሚያርፈው መጨረሻ ላይ ባለው ድስት ላይ ነው። የምግብ ዋጋ ግሽበት በግንቦት 2014 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ 43.9 በመቶ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወርዷል ይባላል። ግሽበት ወረደ ሲባል ዋጋ ወረደ ማለት እንዳልሆነ ግን ገበያ የሚወጣ ሁሉ ያውቀዋል፤ የጨመረው ጨምሮ ቀርቷል፣ የቀነሰው የመጨመሪያው ፍጥነት ነው።

እህሉ ራሱ ከዚህ ነጻ ነው ማለት ግን አይደለም። ችግሩ በጊዜው ላይ ነው። የማዳበሪያው ዕዳ፣ ግብሩ፣ ሠርጉና ተዝካሩ ተደራርበው የሚመጡት አዝመራ በተሰበሰበ ማግስት በመሆኑ ባቄላውና ስንዴው በጥር ገበያ በርካሽ ይወጣል፤ ሐምሌ ላይ ያው ባቄላ ክክ ሆኖ በውድ ይመለሳል። በልግ ለሚዘራው ደጋ ይህን ክፍተት የሚሞላው በየካቲት ተዘርቶ በሰኔና በሐምሌ የሚደርሰው የበልግ ገብስ ነበር። በልጉ ግን የማይታመን ሆኗል። በ2007 ዓ.ም. በልጉም ክረምቱም ተከታትለው ሲከዱ፣ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. አስቸኳይ የምግብ እርዳታ ይፈልጋል የተባለው ሕዝብ በአገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። እንግዲህ የቤት ቁጠባ ሁለት ነገር ማሟላት አለበት ማለት ነው፤ በገንዘብ የሚገዛውን መቀነስና ክረምቱን መሻገር።

ከድስቱ እንነሳ። በወጥ ውስጥ ውዱ ነገር ቁሌቱ ነው፤ ሽንኩርቱ፣ ዘይቱ፣ በርበሬው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሽንኩርቱ እስኪበስል የሚነድደው ማገዶ። አገሩ ግን ቁሌት የማይጠይቅ የወጥ ዓይነት ሞልቶታል። ስልጆ የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ተገንፍቶ፣ በሰናፍጭ ተመትቶ፣ ቀናት የሚቆይና ሳይሞቅ የሚበላ ነው። እልበት አለ፣ አዚፋ አለ፣ የተልባ ፍትፍት አለ፣ በርበሬ ያልነካው ነጭ ሽሮ አለ። ብዙዎቹ የጾም ምግብ ናቸው ተብለው ከሁዳዴ ውጪ ይረሳሉ፤ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ቤት ግን ከጾም ጋር የሚያስተሳስራቸው ልማድ እንጂ ሌላ ምክንያት የለም። ለሰውነትም ቢሆን አያንሱም። ባቄላና ምስር ከክብደታቸው ሩብ የሚጠጋው ፕሮቲን ነው፤ ገብስና ስንዴ የሚጎድላቸውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል ባቄላ በብዛት ይዞታል፤ ባቄላ የሚያንሰውን ደግሞ ገብሱ ይሞላል። የገብስ እንጀራ በእልበት የበላ ሰው ለአካሉ ግንባታ ሥጋ ከገዛው ብዙም አልራቀም። ደጋው የማያጣው ሌላው ነገር በሶ ነው። ገብሱ አንዴ ተቆልቶ ከተፈጨ በኋላ እሳት አይፈልግም። በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ለአድዋ የተጠራው ጦር ወረኢሉ ላይ ሲከት፣ በሶና ቆሎ የስንቅ ዋና የነበሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዛሬ የበሶን ቦታ የብስኩት እሽግ እየወሰደው ነው፣ ያውም በእጥፍ ድርብ ወጪ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ ርካሽ ሁሉ ቁጠባ አይደለምና። ከጥራጥሬ ሁሉ ርካሹ ጓያ ነው። ድርቅን ይቋቋማል፣ በረግረግ ጥቁር አፈር ላይም ይበቅላል፣ ሽሮ ውስጥ ሲደባለቅም በቀላሉ አይለይም። ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ የተሰበረው ሰው ደግሞ ተመልሶ አይድንም። ይህ የጥንት ወሬ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ ሌላው አዝመራ ሲጠፋ፣ እዚያው ወሎ ውስጥ በደላንታ ብዙ ሰው በጓያ ተሰብሯል፤ ታሪኩም በዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔት ወጥቷል። አብዝቶ የሚያጠቃውም ወጣት ወንዶችን ነው፤ ቤተሰቡ የሚያርስበትን እጅ ያሳጣል። ጓያን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፣ ጨርሶ አያጠፋውም፤ የሚሻለው ከሌላ እህልና ጥራጥሬ ጋር በትንሹ መደባለቅና የወቅቱ ዋና ምግብ እንዳይሆን መከልከል ነው። ክረምት ላይ በጣም ርካሽ የሆነ የተፈጨ ሽሮ የሚገዛ ሰው ከምን እንደተሠራ ቢጠይቅ፣ ቢቻል ደግሞ እህሉን ራሱ ለቅሞ ቢያስፈጭ ይመረጣል። ቁጠባ በጓያ ላይ ከቆመ የተቀመጠው ብር ለበሽታ የተቀመጠ ነው።

ወደ ጓሮው ስንሄድ መጀመሪያ የሚመጣው ስሕተት የቆላውን አትክልት ወደ ደጋ ማምጣት ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊት የሚጥለው ውርጭ ቲማቲምን ይገድላል፤ በዚህ ከፍታ ቲማቲም እየተከሉ ተስፋ መቁረጥ ጓሮውን ያስጠላል። ውርጩን የሚችሉት የሐበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮትና ባሮ ሽንኩርት ናቸው። ከእነዚህ ሁለቱ ለዚህ ክርክር ልዩ ዋጋ አላቸው። ባሮ ከቀይ ሽንኩርት ጋር ጣዕሙ ባይገናኝም በነጭ ሽሮና በአልጫ ውስጥ ቦታውን ይይዛል፤ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ትንሽ ቦታ ይዞ ብዙ ወጥ ያጣፍጣል፣ ደርቆም ለወራት ይቆያል። ጎመን ከሥር ከሥሩ ቅጠሉ እየተለቀመ ወራት ያስበላል፤ ዘሩም አይጣልም፣ የምጣድ ማሰሻ ይሆናል። ድንች ለብቻው ሊታይ ይገባል። ድንች ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ማብቂያ ገደማ በጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ በሺምፐር አማካይነት እንደሆነ ይነገራል፤ የተስፋፋው ግን ክፉ ቀን በተባለው የረሃብ ዘመን፣ ሰው ሲርበው ነው። በበልጉ ዝናብ በየካቲት የተተከለ ድንች ክረምቱ ሳይከብድ ይወጣል፤ ጎተራው ባዶ በሚሆንበት ሰዓት ማለት ነው። በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት ቅጠሉን አጥቁሮ የሚያበሰብሰው በሽታ ስላለ፣ በሽታውን የመቋቋም ችሎታ ይዘው ከሆለታ የምርምር ማዕከል የወጡት ጉደኔና በለጠ የተባሉት ዝርያዎች ይመረጣሉ።

ጓሮው የሚፈልገው ፍግ ግን ወደ ምድጃ እየሄደ ነው፤ ደጋው እንጨት ስላጣ ኩበት ይነድዳል። ስለዚህ ምድጃው ሳይሻሻል ጓሮው አይለማም። ከቤት ማገዶ ግማሽ ያህሉን የሚበላው እንጀራ መጋገር እንደሆነ ይገመታል፤ በሲሚንቶና በአሸዋ የሚሠራው ምርጥ የተባለው ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። ባቄላና ሽምብራ ሌሊቱን መዘፍዘፍም እንዲሁ የማብሰያ ሰዓቱን ያሳጥረዋል፤ በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው የሚያስረውን ነገርም ያላላዋል። ከምድጃው የተረፈው ፍግ ጎመኑን ያበላዋል። ወጡም፣ ምድጃውም፣ ጓሮውም የሚያያዙት እዚህ ላይ ነው፤ አንዱን ብቻ ነጥሎ የሚሰብክ ዘመቻ ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው ይህን ስለሚስት ይመስለኛል።

በዚህ ላይ የሚነሳው ትልቁ ተቃውሞ «መንግሥትና ገበያ ያመጡትን ችግር ድሃው በጎመን እንዲፈታው ትነግሩታላችሁ?» የሚል ነው። ትክክለኛ ቁጣ ነው። ጓሮ ለቤቱ ጉልበት የሚሆነውን እህል አይተካም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ሜዳቸውን ሁሉ ሲቆፍሩ እንኳ ከጓሮ ያገኙት አትክልት እንጂ ዳቦ አልነበረም። ግን የወሎ ታሪክ ራሱ ሌላ ነገር ያሳያል። የኢኮኖሚክስ ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው የረሃብ ጥናት፣ በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ፣ እንዲያውም ከጠቅላይ ግዛቱ እህል ይወጣ እንደነበር አሳይቷል። ሰው ያለቀው እህል ገበያ ላይ ስለጠፋ ሳይሆን የሚገዛበት አቅም ስለጠፋው ነው። ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። መንገድን ክፍት ማድረግ፣ ደሞዝን ማስተካከልና የሴፍቲኔት ክፍያን በወቅቱ ማድረስ የመንግሥት ግዴታ ሆኖ ይቀራል፤ ጎመን ለዚያ ምትክ አይሆንም። በዚያው ልክ ግን ከገበያ ሳያልፍ ወደ አፍ የሚገባ ምግብ በቤተሰቡ እጅ በጨመረ ቁጥር፣ ገንዘቡ ዋጋ ሲያጣ የሚደርሰው ጉዳት ይቀንሳል።

ሌላው ተቃውሞ የክብር ነው፤ ዘይት ያልነካው ወጥ ለእንግዳ ይቀርባል ወይ የሚለው። መልሴ አጭር ነው፤ ለእንግዳ አታቅርቡት። ዓመት በዓሉና እንግዳው በቁሌት ይስተናገዱ፤ ገንዘብ የሚያልቀው በእነዚያ ጥቂት ቀናት ሳይሆን በተራው ማክሰኞና ረቡዕ ነው። ቁጠባ ጨርሶ የማይነካው አንድ ሰው ግን በቤቱ አለ፤ ከሁለት ዓመት በታች ያለው ሕፃን። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ አሥር ልጆች አራቱ ገደማ ዕድሜያቸው የሚፈቅደውን ቁመት አላገኙም። ደጋው እህል አምራች ሆኖ ይህ መሆኑ፣ ገንፎውና አጥሚቱ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ይናገራል። የዶሮዋ እንቁላል ወደ ገበያ ሄዶ ዘይት ሆኖ ከሚመለስ፣ ዘይቱ ቀርቶ እንቁላሉ ለልጁ ቢቀር እመርጣለሁ።

የበለጠ የሚከብደኝ የጊዜው ጥያቄ ነው። ማን ይዘፈዝፋል፣ ማን ይኮተኩታል፣ በበጋ ማን ውሃ ይቀዳል? ብዙውን ጊዜ ሴቷ። ባቄላ ፈትጋ፣ ስልጆ አብኩታ፣ ጎመን አጠጥታ በዚያ ላይ እንጨት የምትለቅም ሴት ላይ ተጨማሪ ሸክም መጫን ቁጠባ ሳይሆን ወጪውን ወደ እርሷ ማዛወር ነው። ለዚህ ነው ጓሮው ትንሽ ይሁን፣ ከወጥ ቤቱ ደጃፍ ይሁን፣ ሳሙና ያልነካው እጣቢ የሚደርስበት ይሁን የምለው። የመቆፈሩና ፍግ የማመላለሱ ሥራም የወንዶቹ መሆን አለበት። በመካነ ሰላምና በወረኢሉ ከተማ ቤት ተከራይቶ ለሚኖር መምህር ወይም ጤና ባለሙያ መሬቱ የለም፤ በማዳበሪያ ከረጢት አፈር ሞልቶ በረንዳ ላይ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ማብቀል ይቻላል፣ ከዚያ በላይ ግን መጠበቅ አይገባም። ለእርሱ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው፤ ባልደረቦች ተባብረው በጥር ባቄላና ገብስ በኩንታል ከገበሬው ገዝተው ማስቀመጥ። ገበሬው የሚሻለውን ዋጋ እዚያው ደጁ ላይ ያገኛል፣ ደሞዝተኛውም የሐምሌን ዋጋ ያመልጣል። ደጋው ቀዝቃዛ መሆኑ ከነቀዝ ይረዳል፤ አየር የማያስገባ ድርብ ከረጢት ከተገኘ ደግሞ ባቄላው ያለ መድኃኒት ክረምቱን ይሻገራል። ያም ቢሆን ብዙ ደሞዝተኛ የአንድ ኩንታል ዋጋ በአንድ ጊዜ ከኪሱ ስለማይወጣ፣ ነገሩ ከመስከረም ጀምሮ በዕቁብ መልክ ቢታሰብ ነው የሚሳካው፤ ጥር ላይ የሚወጣው ዕጣ በገንዘብ ሳይሆን በእህል እንዲሆን መስማማት ብቻ ይጠይቃል።