የመርካቶ ግርግርና የጆሮ ማዳመጫ ምርጫ

በአዲስ ከተማ፣ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ግቢ በሚኖርበት ሰፈር፣ ሙዚቃ ማዳመጥ የግል ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። የጭቃው ግድግዳ ስስ ነውና በአንድ ቤት የተከፈተ ቴፕ በሦስት ቤት ይሰማል። ሐዘን የደረሰበት ጎረቤት ካለ፣ ወይም ለፈተና የሚያጠና ተማሪ ካለ፣ ማጫወቻው ይዘጋል። ከመጽሔታችን ባልደረቦች አንዱ የሚኖረው በእንዲህ ያለ ግቢ ነው። ከሟች አባቱ የቀረለት አንድ የበገና ካሴት አለው፤ አባቱ ራሳቸው የደረደሩት፣ ሌላ ቅጂ የሌለው ካሴት ነው። በሁዳዴ ምሽቶች ማንንም ሳይረብሽ ሊያዳምጠው ፈለገና «የትኛውን ኤርፎን ልግዛ?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው ቀላል መስሎን ነበር።

በአንድ ቅዳሜ አብረን ወደ መርካቶ ወረድን። መርካቶ ሸማውን በሸማ ተራ፣ ያገለገለውን ዕቃ በምናለሽ ተራ እያለ ገበያውን በተራ የሚከፋፍል ነውና ሱቅ ፍለጋ አልተቸገርንም። ከአንዋር መስጊድ እምብዛም ሳንርቅ ማዳመጫዎች እንደ ሽንኩርት ጉንጉን ከተንጠለጠሉበት ሱቅ ገባን። ነጋዴው «ግቡ ወንድሞቼ፤ መሞከር በነፃ ነው» ብሎ ስልኩን ሰካልንና ከበሮው የሚደልቅ ዘፈን ከፈተ። ሦስት ሞከርን። ሁላችንም በአንድ ድምፅ የመረጥነው ወፍራሙ ድምፅ ደረት የሚነካውን፣ ታዋቂ ስም የተጻፈበትን ማዳመጫ ነበር። ማታ በቤት ውስጥ በገናው በዚያ ማዳመጫ ሲሰማ ግን በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ይመስል ነበር። ይባስ ብሎ ድምፁ ወደ ቀኝ ጆሮ ያዘነብላል።

ስህተቱ የነጋዴው ብቻ አልነበረም፤ የእኛም ነበር፤ እኛ ደግሞ ፊዚክስ የተማርን ነን። በሱቁ ደጃፍ የጭነት መኪና ሞተር ያጉረመርማል፣ ጋሪ ይንኳኳል፣ ተሸካሚው «ዞር በሉ» ይላል። እንዲህ ያለው ጫጫታ ኃይሉ በአብዛኛው በዝቅተኛ ድግግሞሽ ላይ ያረፈ በመሆኑ የዘፈኑን ወፍራም ድምፅ ይሸፍነዋል። ስለዚህ በገበያ መካከል ሚዛናዊ የሆነው ማዳመጫ ቀጭንና ደካማ ይመስላል፤ ወፍራሙን ከልክ በላይ የሚያጎላው ደግሞ ያሸንፋል። በጸጥተኛ ቤት ጫጫታው ሲነሣ ትርፉ ብቻ ይቀራል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ የሰው ጆሮ ዝቅተኛ ድግግሞሾችን የሚሰማው ድምፁ ዝግ ባለ ጊዜ በደካማነት፣ ከፍ ባለ ጊዜ ግን በተሻለ ሁኔታ ነው። ሁለት ማዳመጫዎችን ስናወዳድር አንዱ በጥቂት ዴሲቤል ከፍ ካለ «ይህኛው ጥራት አለው» እንላለን። ጆሯችን የለካው ግን ጥራትን ሳይሆን ጩኸትን ነው።

ይህ የጩኸት ልዩነት ደግሞ ከማዳመጫው የኤሌክትሪክ ባሕርይ የሚመጣ ነው። በማዳመጫው ውስጥ በስስ ሽፋን ላይ የተጣበቀ የሽቦ ጥቅል በማግኔት መካከል ይርገበገባል፤ የጥቅሉ እንቅፋት በኦም ይለካል። አንድ ማጫወቻ 1 ቮልት ቢሰጥ፣ ባለ 32 ኦሙ ማዳመጫ ወደ 31 ሚሊዋት፣ ባለ 300 ኦሙ ደግሞ 3.3 ሚሊዋት ብቻ ያገኛል። ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን ልዩነቱ ወደ 10 ዴሲቤል ይጠጋል፤ ይህም ለጆሮ እጥፍ ያህል ጩኸት ነው። ባለ 300 ኦሙ በራሱ መጥፎ ዕቃ አይደለም፤ በተለይ ማጉያ ያለው ሰው በደስታ ይገለገልበታል። ከስልክ ወይም ከትንሽ ቴፕ ጋር ለሚሰካው ግን ዝቅተኛ ኦምና ከፍተኛ የድምፅ ምላሽ ያለው ይሻላል።

ወደ ቀኝ ያዘነበለውን በገና የፈታልን ከቤተ ሙከራችን ያመጣነው መልቲሜትር ነው። የማዳመጫው ባለ 3.5 ሚሊሜትር መሰኪያ ጫፉ የግራው፣ መካከለኛው ቀለበት የቀኙ፣ ግርጌው የጋራ መስመር ነው። በካርቶኑ ላይ 32 ኦም ተብሎ ተጽፏል። ስንለካው ግራው 30 ኦም፣ ቀኙ 17 ኦም ሆነ። ይህ ማለት የሁለት የተለያዩ ማዳመጫዎች ግማሾች በአንድ ስም ተገጣጥመዋል ማለት ነው። በእኩል ቮልት ቀኙ ወደ 2.5 ዴሲቤል የሚጠጋ ተጨማሪ ኃይል ይወስዳል፤ ድምፁን ከመሃል ለማፈናቀል ይህ ይበቃል። መልቲሜትር የሌለው አንባቢ በአንድ መስመር ማለትም በሞኖ የተቀዳ አሮጌ ዘፈን ይክፈት። ዘፋኙ በጭንቅላቱ መካከል መሰማት አለበት። ወደ ጎን ካዘነበለ የሁለቱ ግማሾች አቅም አይመጣጠንም፤ መሃል አልባ ሆኖ ከተበተነ ደግሞ የአንዱ ወገን ሽቦ ተገልብጦ ተበይዷል። ነጋዴው የመልቲሜትሩን ቁጥር ሲያይ ጥቂት ዝም አለና ሳያንገራግር ለወጠልን። የቆጣሪውን ዋጋም ጠየቀን።

በሁለተኛው ጉዞ ከሕንፃው የኋላ ደረጃ ላይ፣ ጫጫታው በቀነሰበት ቦታ ሞከርን። የያዝነው የራሳችንን የበገና ቅጂ ነበር። በገና ለዚህ ዓይነት ፈተና የተፈጠረ ይመስላል። አሥሩ አውታሮች ወፍራም ድምፅ አላቸው፤ በአውታሩና በድልድዩ መካከል የሚገቡት እንዚራ የሚባሉ የቆዳ ቁራጮች ደግሞ ያንን ዝዝታ ይፈጥራሉ። ዝዝታው በብዙ ከፍተኛ ድግግሞሾች የተሞላ ነው። ማዳመጫው ላዩን የሚቆርጥ ከሆነ ዝዝታው ይደነዝዛል። ታችኛውን የሚቆርጥ ከሆነ ግን የሚገርም ነገር ይከሠታል፤ አእምሯችን 200፣ 300 እና 400 ኸርዝ ሲሰማ የጎደለውን 100 ኸርዝ ራሱ ይሞላዋል። ዜማው አይጠፋም፤ የሚጠፋው ክብደቱ ነው። ለዚህ ነው በርካሽ ኤርፎን በገና «የሚሰማ» የሚመስለው።

ክብደቱ የሚያመልጥበት ሌላ ቀዳዳም አለ። ጆሮን የሚሸፍን ማዳመጫ ከቆዳ ጋር በደንብ ካልገጠመ ወፍራሙ ድምፅ በክፍተቱ ይወጣል። መነጽር ያደረገ፣ ሹሩባ የተሠራች ወይም ነጠላዋን ከላይ የደረበች ሰው ይህን በቀላሉ ታስተውላለች። ብዙ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ትራሱን መፈተሽ ይቀድማል። ባልደረባችን በመጨረሻ የወሰደው ከመጀመሪያው የረከሰ፣ ምንም ስም የሌለው፣ ትራሱ ግን ለስላሳና ጥልቅ የሆነ ባለ ሽቦ ማዳመጫ ነው። ብሉቱዝ ያለው አልጠቀመውም፤ ቴፑ ብሉቱዝ የለውምና።

ካሴቱስ? ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋወቀው ካሴት 3.81 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን ጥብጣብ በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር የሚያስኬድ ነው፤ ሹክሹክታው የሚመጣውም ከዚህ ጠባብነትና ዝግታ ነው። ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ ሁለተኛው ጥብጣብ የራሱን ሹክሹክታ ይጨምራል። ስለዚህ አባትየው የቀዱትን ካሴት ደጋግሞ ከማጫወት ይልቅ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት እንደሚሻል ተስማማን። በቅድሚያ በላዩ እንዳይቀዳበት የካሴቱን ሁለት ጥርሶች ሰበርን፤ የቴፑን ራስ በአልኮል ጠረግን። በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ በ16 ቢት ስንቀዳው አንድ ሰዓት 635 ሜጋባይት ያህል ሆነ። በ128 ኪሎቢት ኤም ፒ ስሪ ቢሆን ኖሮ 58 ሜጋባይት ይበቃው ነበር፤ ነገር ግን ይህ ዘዴ ጆሮ አይሰማውም ብሎ የገመተውን ይጥላል፣ የተጣለው አይመለስም። ሙሉውን ለማኅደር አስቀመጥን፤ ትንሹን ለስልክ አደረግን።

ስለ ጩኸት አንድ ነገር ለባልደረባችን በግልጽ ነገርነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት መመሪያ ለአዋቂ በሳምንት 80 ዴሲቤል ለ40 ሰዓት ይፈቅዳል። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ በ89 ዴሲቤል 5 ሰዓት ብቻ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት የፀጉር ሕዋሳት ከሞቱ በሰው ላይ እንደገና አይበቅሉም። ታክሲ ውስጥ ሞተሩን ለማሸነፍ ድምፅ የሚጨምር ተማሪ ይህን ገደብ ሳያውቅ ሊያልፈው ይችላል። ባልደረባችን በጸጥተኛው ቤቱ የሚበቃውን መጠን አግኝቶ በቴፑ መቆጣጠሪያ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገ፤ ከዚያ በላይ አይዞርም።

በዚያው ምልክት ላይ ሁለተኛውን ገጽ እስከ መጨረሻው ሲያዳምጥ፣ ከመጨረሻው መዝሙር በኋላ ጥብጣቡ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ሲኒ በረከቦት ላይ ሲቀመጥና አንዲት ሴት «ቀዘቀዘ እኮ» ስትል ሰማ። ድምፁን ለየው፤ እናቱ ናቸው።