ሳይፈተሽ የተጫነ ቦርድ፤ ኪሳራው የማን ነው?

ሞባይልም ሆነ ቴሌቪዥን ሲፈታ ውስጡ የሚታየው፣ ጥቃቅን ዕቃዎች የተበየዱበት ሰሌዳ የሰርኪት ቦርድ ይባላል። በዓለም ገበያ ስማቸው የገነነ በርካታ ኩባንያዎች ይህን ቦርድ ራሳቸው አይገጣጥሙም። ንድፉን አውጥተው ሥራውን በኮንትራት ለሌላ ፋብሪካ ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1974 በታይዋን የተቋቋመው ፎክስኮን በዚሁ ንግድ ከዓለም ግንባር ቀደም ለመሆን በቅቷል። የመገጣጠሚያ መሣሪያ ውድ በመሆኑ፣ አንድ ፋብሪካ የብዙ ደንበኞችን ሥራ ሲሠራ ወጪው ይከፋፈላል።

ይሁን እንጂ «አንዱ ስንት ነው?» ብሎ ብቻ የሚዋዋል ገዢ ግማሹን ሒሳብ ዘንግቷል። ፍተሻም የራሱ ዋጋ አለውና።

ፍተሻ ደረጃ አለው። በመጀመሪያ የጎደለ ወይም የተዛነፈ ዕቃ በካሜራ ይለያል። ከቺፕ ሥር የተደበቀውን ስታኞ ካሜራ ስለማያየው ራጅ ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ፍተሻው ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቦርዱን በተደረደሩ መርፌዎች ላይ አስቀምጦ ብዙ ነጥቦችን በአንድ ጊዜ መለካት ነው። ፈጣን ነው፤ ግን ለእያንዳንዱ ንድፍ የተለየ ማቀፊያ ስለሚሠራለት የሚያዋጣው ለብዙ ትዕዛዝ ነው። ሁለተኛው ጥቂት ተንቀሳቃሽ መርፌዎች ነጥቦቹን በየተራ የሚነኩበት ነው። ማቀፊያ አይፈልግም፤ ቀርፋፋ በመሆኑ ለአነስተኛ ትዕዛዝ ይመረጣል። በመጨረሻም ቦርዱ ኃይል ተሰጥቶት የታሰበለትን ሥራ መሥራቱ ይታያል።

ይህን ሁሉ ያለፈ ቦርድም ቆይቶ ሊበላሽ ይችላል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2005 ለገበያ ያቀረበው ኤክስቦክስ 360 የተሰኘ የጨዋታ መሣሪያ በኮንትራት የተገጣጠመ ነበር። ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የውስጥ ግንኙነቶቹ እየተሰነጠቁ በብዛት ተበላሸ። ኩባንያው በ2007 ዋስትናውን ወደ ሦስት ዓመት አራዝሞ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጪ መዝግቧል። ሥራው ለሌላ ቢሰጥም ኪሳራው የባለምልክቱ ሆነ። ስለሆነም ናሙናን ደጋግሞ በማሞቅና በማቀዝቀዝ መፈተን ተገቢ ነው።

ከሼንዘን ወይም ከጓንዡ በራሱ የንግድ ምልክት ዕቃ ለማሠራት ያሰበ አስመጪ ቀብድ ከመክፈሉ ወይም ኤልሲ ከመክፈቱ በፊት አራት ነገሮችን በውሉ ማስፈር ይበጀዋል። እነዚህም የትኛው ፍተሻ በስንት ቦርድ ላይ እንደሚደረግ፣ ጥራቱ ከሦስቱ የአይፒሲ-ኤ-610 ደረጃዎች በየትኛው እንደሚመዘን፣ ማቀፊያው የማን ንብረት እንደሆነ፣ የብልሹ ቦርድ መተኪያና ማጓጓዣ በማን እንደሚሸፈን ናቸው። ከጭነት በፊትም ገለልተኛ መርማሪ ዕቃውን ማየት አለበት።

ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ከደረሰ በኋላ የሚነሳ አቤቱታ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።