የኦቲዝም ምርምር ከቤተ ሙከራ እስከ ገጠር ጎጆ

አንድ ምርጥ ዘር በምርምር ማዕከል ስለተገኘ ብቻ የአርሶ አደሩ ጎተራ አይሞላም። ዘሩ በአካባቢው አፈርና የአየር ጠባይ መላመድ፣ በሰርቶ ማሳያ መታየት፣ በመጨረሻም በልማት ጣቢያ ሠራተኛው አማካይነት ማሳ መድረስ ይኖርበታል። በሕክምናው ዘርፍም ግኝትን ወደ ተግባር የሚያሸጋግር እንዲህ ዓይነት የምርምር መስክ አለ። ኦቲዝምንና ሌሎች የአእምሮ እድገት እክሎችን በተመለከተ በኢትዮጵያ የተከናወኑ ሥራዎች የዚህ መስክ ጥሩ ማሳያ ናቸው።

ኦቲዝም ከልጅነት ጀምሮ የሚታይ፣ በአእምሮ እድገት ላይ የተመሠረተ ልዩነት ነው። ከሰው ጋር በመግባባት፣ በንግግር እና በባሕርይ ላይ ይገለጣል። ሊዮ ካነር የተባሉት ሐኪም በ11 ሕፃናት ላይ ያዩትን እ.ኤ.አ. በ1943 በጽሑፍ ካሳወቁ በኋላ ጉዳዩ በሕክምናው ዓለም ትኩረት አገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ይገምታል። መንስኤው አንድ ብቻ አይደለም፤ የዘር ውርስ ግን ከፍተኛ ድርሻ አለው። ክትባት ኦቲዝምን እንደማያስከትል በበርካታ ጥናቶች ተረጋግጧል። የእናት ፍቅር ማነስ ያመጣዋል የሚለው የቀድሞ አስተሳሰብም ውድቅ ሆኗል።

የዘር ውርስን ድርሻ ካጠኑት መካከል የኔዘርላንድ ተወላጇ ዶክተር ሮዛ ሁክስትራ ይገኙበታል። ተመራማሪዋ ሥራቸውን በአገራቸው የጀመሩት መንትዮችን በማጥናት ነበር። ተመሳሳይ መንትዮች ዘረመላቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ተመሳሳይ ያልሆኑት ግን እንደ ማንኛውም ወንድምና እህት በአማካይ ግማሹን ይጋራሉ። ሁለቱን በማነጻጸር አንድ ባሕርይ ምን ያህል ከውርስ እንደሚመነጭ መገመት ይቻላል። ተመራማሪዋ በኋላ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅና በኦፕን ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎም በኪንግስ ኮሌጅ ለንደን ሠርተዋል። በዚህ ሂደት የምርምራቸው አቅጣጫ ተቀየረ። በበለጸጉ አገሮች የተከማቸው እውቀት የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም በማይገኝበት ገጠር ለምትኖር እናት ምን ይጠቅማል የሚለውን ጥያቄ ይዘው ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር መሥራት ጀመሩ።

የጥናት ቡድኑ አስቀድሞ ያደረገው የቤተሰቡን ድምፅ ማዳመጥ ነበር። በአዲስ አበባ በሚገኙ ሁለት የሕክምና መስጫዎች የእድገት እክል ያለባቸውን ልጆች የሚንከባከቡ 102 ሰዎች ተጠየቁ። ከግማሽ በጥቂቱ የሚያንሱት በልጃቸው ሁኔታ ኀፍረት እንደሚሰማቸው፣ ከአራት አንድ የሚበልጡት ደግሞ ጉዳዩን ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናገሩ። ምክንያቱን አንዳንዶች ከወሊድ ችግር ወይም ከጭንቅላት ጉዳት፣ ሌሎች ከርኩስ መንፈስ ወይም ከኃጢአት ጋር አያያዙት። ከሁሉ ይልቅ የጎደላቸው ምን እንደሆነ ሲጠየቁ ግን ከአራቱ ሦስቱ ያህል የልጃቸውን ትምህርት ጠቀሱ።

ሁለተኛው እርምጃ ወደ ገጠር መውጣት ነበር። በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚዘዋወሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ለቤተሰብ የቅርብ ሰዎች በመሆናቸው ስለ ኦቲዝም የሚያስረዳ አጭር ሥልጠና፣ የኪስ መመሪያና የቪዲዮ ትምህርት ተዘጋጀላቸው። ውጤቱ ሲመዘን የሠለጠኑት ካልሠለጠኑት ይልቅ የተሳሳተ አመለካከታቸው አንሶ፣ ልጆቹን ለመቅረብ ያላቸው ፈቃደኝነትም ጨምሮ ተገኘ። ይሁን እንጂ ያልተጠበቀ ነገርም ታየ። ሰፋ ያለውን ሥልጠና የወሰዱት ባለሙያዎች ልጆቹ ወደፊት ሊደርሱበት ስለሚችሉት ደረጃ የነበራቸው ተስፋ ካልሠለጠኑት ያነሰ ነበር። ስለ ችግሩ ማስተማር ብቻውን በቂ እንዳልሆነ፣ ልጁ መማርና መለወጥ እንደሚችልም ማሳየት እንደሚያስፈልግ ከዚህ መረዳት ይቻላል። እንዲህ ያለውን ጉድለት ሳይሸሽጉ መመዝገብ የዚህ መስክ ተመራማሪ ግዴታ ነው።

ሦስተኛው እርምጃ ወላጆችን ራሳቸውን ማሠልጠን ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 9 ዓመት ለሆናቸው ልጆች ተንከባካቢዎች ያዘጋጀው መርሐ ግብር 9 የቡድን ትምህርቶችንና 3 የቤት ለቤት ጉብኝቶችን ይዟል። ወላጅ ልጅን ሲያለብስ፣ ሲያበላ ወይም የቤት ሥራ ሲያሠራ እንዴት ትኩረቱን እንደሚስብና እንደሚያግባባው ይማርበታል፤ ስለ ራሱ ጤንነትና ድካምም ይወያያል። መርሐ ግብሩ ለኢትዮጵያ እንዲስማማ ተደርጎ በአዲስ አበባና በቡታጅራ ተሞክሯል። በቡታጅራ አሠልጣኞቹ ልዩ የሕክምና ባለሙያዎች አልነበሩም፤ ይህም ሐኪም እስኪመጣ ሳይጠበቅ ቤተሰብን መርዳት ይቻል እንደሆነ ለመፈተሽ አስችሏል።

ተመራማሪዎች ከመምጣታቸው በፊት ግን መንገዱን የጠረጉት ወላጆች ናቸው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሥርተው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ሕይወታቸው እስካለፈበት ጊዜ ድረስ ጉዳዩ በአደባባይ እንዲነገር ታግለዋል።

በዚህ መስክ መሰማራት ለሚሹ ወጣቶች መነሻው ሕክምና ብቻ አይደለም። ከነርስነት፣ ከሥነ ልቦና፣ ከኅብረተሰብ ጤናና ከልዩ ፍላጎት ትምህርት የተነሡ ሁሉ በሁለተኛና በሦስተኛ ዲግሪ ወደ ምርምሩ መግባት ይችላሉ። የአካባቢውን ቋንቋና ኑሮ ማወቅ ደግሞ በዩኒቨርሲቲ የማይሰጥ ትልቅ ስንቅ ነው።

ምርምሩ ፍሬ የሚያፈራው ግን ልጆቹ ከተደበቁበት ሲወጡ ነው። አንድ ልጅ ዓመት ሞልቶት በስሙ ሲጠሩት ዘወር የማይል፣ በዓመት ከመንፈቁ የሚፈልገውን በጣቱ የማያመለክት፣ ዓይን ለዓይን መተያየትን የሚሸሽ፣ ወይም የጀመረውን ንግግር የሚተው ከሆነ ሳይዘገይ መታየት አለበት። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ መታየቱ ብቻ ኦቲዝም መኖሩን አያረጋግጥም፤ የመስማት ችግርም ሊሆን ይችላልና ምርመራ ያስፈልጋል። ጸበልና ጸሎት የቤተሰቡ መጽናኛ ቢሆኑም ወደ ጤና ተቋም መሄድን አያስቀሩም። የመጀመሪያው በር የቀበሌው ጤና ኬላ ነው፤ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ይመራሉ። ልጅን ማሰር ወይም በጓዳ መደበቅ ግን ከሌሎች ጋር ሆኖ የሚማርበትን ዕድሜ ያባክንበታል።