የጀልባ አየር ማቀዝቀዣና መቆጣጠሪያው

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ለመጣን ተማሪዎች የዚህ ጽሑፍ ርዕስ ቀልድ ሊመስለን ይችላል። የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ስሟ ራሱ ነፋስ መውጫ ነው፤ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ጋቢ ደርቦ የሚውል ሰው ማቀዝቀዣ ምን ያደርግለታል? ነገር ግን ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ ከመካኒካልና ከኤሌክትሪካል ምሕንድስና የተመረቁ ልጆችን ተቀብሎ ለውጭ መርከቦች ያሠለጥናል። ከኤሌክትሪካል የሚገቡት የሚይዙት ሥራ "ኤሌክትሮ ቴክኒካል ኦፊሰር" ይባላል፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ማኒላ ላይ በተሻሻለው ዓለም አቀፍ የመርከበኞች ሥልጠና ስምምነት ራሱን የቻለ የሥራ መደብ ሆኗል። ባሕር አይቶ የማያውቅ የእስቴ ልጅ በቀይ ባሕር ላይ የመኝታ ክፍሉ ማቀዝቀዣ ሲቆም "ና እስቲ እየው" የሚባለው እሱ ነው።

ትልልቅ መርከቦች ማዕከላዊ ማሽን አላቸው። እኔ የማስረዳው ግን በትንሽ ጀልባ ላይ የሚተከለውን ነው፤ ሁሉም ክፍሎቹ አንድ ቦታ ስለሚገኙ ለመማር ይሻላል። መርሁ አንድ ነው።

መርሁን ደግሞ ሳናውቀው አድገንበታል። ጉና ሥር ባቄላ ለንፍሮ ሲጣድ ወደ በሽሎ ቆላ ከሚጣደው ይበልጥ እንጨት ይፈጃል። ምክንያቱ የአየር ግፊት ነው። በ3,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ነው እንጂ በ100 አይደለም፤ ስለዚህ ባቄላው በቀዘቀዘ ውሃ ነው የሚበስለው። ግፊት ሲቀንስ የመፍሊያ ሙቀት ይቀንሳል፣ ግፊት ሲጨምር ይጨምራል። ማቀዝቀዣ ማለት ይህችኑ ነገር በሌላ ፈሳሽ መጠቀም ነው። አር 134ኤ የተባለው ጋዝ በባሕር ጠለል ግፊት ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ክፍሉ ውስጥ ባለው መጠምጠሚያ በአነስተኛ ግፊት ሲፈላ ሙቀቱን ከክፍሉ አየር ይወስዳል። ኮምፕረሰሩ ከዚያ ወስዶ ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል፣ ጋዙም በጣም ይግላል፣ ከዚያ በኮንደንሰሩ ውስጥ ሙቀቱን ጥሎ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። የቤት ማቀዝቀዣ ሙቀቱን ወደ ውጭ አየር ይጥላል፤ የጀልባው ግን በፓምፕ ለሚሳብ የባሕር ውሃ ነው የሚሰጠው።

ተከላው ላይ ጣጣ የሚያመጣው ብዙውን ጊዜ ይህ የውሃ መንገድ ነው። ፓምፑ አየር ከያዘ ውሃ መሳብ ስለማይችል ከውሃው ወለል በታች መቀመጥ አለበት። ጀልባው ግርጌ ላይ መዝጊያ፣ ከዚያ ማጣሪያ፣ ከዚያ ፓምፕ፣ ከዚያ ኮንደንሰር። ቱቦው ከታች ወደ ላይ ሳያቋርጥ መውጣት አለበት። መሀል ላይ ወጣ ገባ ካለ ጉብታው ውስጥ አየር ይታሰራል፤ ፓምፑ ይጮኻል፣ ውሃው ግን አይሄድም። ከአየሩ የሚንጠባጠበው ውሃም የራሱ መውጫ ይፈልጋል (ለውዱእ ይሆናል ወይ የሚለውን ለኡስታዞቻችን ትቻለሁ)። መውጫው ከሞተሩ ጭስ ማውጫ አጠገብ እንዳይሆን ግን አደራ። በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድዶ መተኛት ምን እንደሚያደርስ እናውቃለን፤ ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ በዚያ ቱቦ ወደ መኝታ ክፍል ሊመለስ ይችላል።

የሙቀት ሴንሰሩ ወደ ማሽኑ በሚመለሰው አየር መንገድ ላይ ይቀመጥ። ቀዝቃዛው አየር በሚወጣበት አፍ ላይ ከተደረገ ማሽኑ ራሱን አቀዝቅዞ ይቆማል፣ ሰውየው ግን እንደላበው ይቀራል።

አሁን ወደ ፕሮግራሙ። ብዙዎቻችን የመጀመሪያ ቀን የምንጽፈው "ከ24 በላይ ከሆነ አብራ፣ ከ24 በታች ከሆነ አጥፋ" የሚል ነው። ሙቀቱ 24 ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ሪሌዩ በደቂቃ ስንት ጊዜ ጣ ጣ እንደሚል አስቡት። ስለዚህ ክፍተት ይሰጣል፤ 25 ሲደርስ ይነሳ፣ 23 ሲደርስ ይቁም። በመሀል ያለው ላይ ቀድሞ የነበረበትን ይቀጥል።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ኮምፕረሰር እንደቆመ ወዲያው መነሳት የለበትም፤ በአንድ ወገን ያለው ከፍተኛ ግፊት ገና ስላልወረደ ሞተሩ መዞር አቅቶት ብዙ ኩረንት ይስባል፣ ይግላል። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመጣ በየሱቁ ያለው ፍሪጅ የሚያጉረመርመው ለዚህ ነው። ሦስት ደቂቃ ማስጠበቅ የተለመደ ነው። እዚህ ላይ የምትረሳ ነገር አለች፤ ኃይል ሲቋረጥ ፕሮግራሙ "ኮምፕረሰሩ መቼ ቆመ" የሚለውንም ይረሳል። ስለዚህ በተነሳ ቁጥር ኮምፕረሰሩ አሁን ገና እንደቆመ አድርጎ መቁጠር ይጀምር። ጀልባው ሁለት ማሽን ካለው ደግሞ የመቆያ ጊዜያቸው በጥቂት ሴኮንዶች ይለያይ፤ አለበለዚያ አንድ ላይ ሲነሱ ትንሹ ጄነሬተር አይችላቸውም። በእያንዳንዱ መነሳት መጀመሪያ ፓምፑና ማራገቢያው፣ ቀጥሎ ኮምፕረሰሩ።

ሦስተኛው ውሸታም ሴንሰር ነው፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ብዙም የማይነገረን እሱ ይመስለኛል። ካምፓስ ውስጥ ብዙዎቻችን የምንሠራበት ዲኤስ18ቢ20 ልክ ኃይል እንዳገኘ፣ ገና ሳይለካ ሲጠየቅ 85 ዲግሪ ይላል። ሽቦው ከተበጠሰ ደግሞ የተለመደው የአርዱይኖ ላይብረሪ ከዜሮ በታች 127 ይመልሳል። በማቀዝቀዝ ላይ ላለ ማሽን 85 ማለት "ቶሎ አብራ" ነው። የጀልባ ማሽን የጋዙን መንገድ አዙሮ ማሞቅም ስለሚችል፣ በማሞቅ ላይ እያለ ሽቦው ቢበጠስ ያለማቋረጥ ያሞቃል። ለጀልባ ክፍል የማይሆን ቁጥር ሲመጣ ፕሮግራሙ ኮምፕረሰሩን አጥፍቶ ስህተት ማሳየት አለበት።

የግፊት መቁረጫው ግን ለፕሮግራም የሚተው አይደለም። የቀይ ባሕር የላይኛው ውሃ በበጋቸው ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ ማጣሪያው በሣር ትንሽ ከተደፈነ የኮንደንሰሩ ግፊት ወዲያው ይወጣል፣ መቁረጫውም ያጠፋል። ፕሮግራሙ ስንት ጊዜ እንደቆረጠ ይቁጠር፤ በተከታታይ አራት ጊዜ ከሆነ ሰው መጥቶ እስኪያየው ተቆልፎ ይቆይ። ሰዎች ሙቀቱ ሲያስመርራቸው "ሁለቱን ሽቦ አገናኘውና ይሥራ" ይላሉ። እሺ የሚል ቴክኒሻን የሚያጠፋው ኮምፕረሰር ብቻ አይደለም፤ በዚያ ክፍል የሚተኙት ሰዎች አማና ናቸው።

ራሱን በራሱ መቆጣጠር የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ የነበሩት ሦስቱ የበኑ ሙሳ ወንድማማቾች በኪታቡል ሒየል ውስጥ በተንሳፋፊ የሚከፈትና የሚዘጋ የውሃ መቆጣጠሪያ ገልጸዋል። በስማቸው መኩራት እናበዛለን፤ የሽንት ቤት ማጠራቀሚያ ክዳን ከፍቶ ያችኑ ተንሳፋፊ የሚያይ ግን ጥቂት ነው።

ይህን ለመሞከር ጀልባ አያስፈልግም። አንድ አርዱይኖ፣ ሴንሰር፣ ሪሌይ፣ በኮምፕረሰሩ ፋንታ በ12 ቮልት የሚሠራ አምፖል ይበቃል። ሴንሰሩን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ከትቶ አምፖሉ እስኪበራ መጠበቅ፣ ከዚያ ሽቦውን ነቅሎ ምን እንደሚያደርግ ማየት። መልሶ ሰክቶ፣ አምፖሉ እንደገና ከበራ በኋላ የአርዱይኖውን ኃይል አጥፍቶ ወዲያው ማብራትና በስልክ ሰዓት መቁጠር። አምፖሉ ከሦስት ደቂቃ በፊት ከበራ ፕሮግራሙ ገና አላለቀም።