ቀላል ፔዳል፣ ያው ዳገት

ከደሴ ፒያሳ ተነስቶ በብስክሌት ኮምቦልቻ ለሚወርድ ሰው ፔዳል ያን ያህል ሥራ የለውም። ሐረጎን ካለፈ በኋላ ቁልቁለቱ ራሱ ያወርደዋል፤ የሱ ድርሻ ፍሬን እየያዙ መጠምዘዝና ከኋላ ከሚመጣ አይሱዙ መጠንቀቅ ነው። ጉዱ ያለው መልሱ ላይ ነው። ደሴ ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ መንገዱም 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለዚህ ዳገት የሚዘጋጅ ብስክሌተኛ ጎማውንና ማርሹን ካሳመረ በኋላ ዓይኑ ፔዳሉ ላይ ያርፋል። ወዲያው የሚሰማው ምክርም «ቀለል ያለውን ግዛ» የሚል ነው። ቀለል ያለ ሲባል ግን በስንት ግራም? ያ ግራምስ ዳገቱ ላይ ምን ያህል ይረዳል?

የእሽቅድምድም ፔዳል ጫማን ቆልፎ የሚይዝ ዕቃ ነው። ቁልፉ የሚያስፈልገው ከኮርቻ ተነስተው ሲገፉ ወይም በፍጥነት ሲያዞሩ እግር እንዳይንሸራተት ነው። ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ኃይሉ ፋናና ፀሐዬ ባህታ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን በብስክሌት ሲወክሉ፣ በዚያ ዘመን ይህን ሥራ የሚሠራው የብረት ቅንፍና የቆዳ ጠፍር ነበር። በደንብ የጠበቀ ጠፍር እግር አይለቅም፤ ለመውረድ ጎንበስ ብሎ በእጅ ማላላት ግድ ነው። የጣሊያኑ ቺኔሊ በ1971 ጠፍር የሌለው ፔዳል ቢያወጣም መክፈቻው በእጅ የሚነካ ስለነበር ሚዛኑን ለሳተ ሰው አይደርስለትም።

መፍትሔው የመጣው ከበረዶ ሸርተቴ ነው። ሉክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የሸርተቴ ጫማ ማሰሪያ ሠሪ ነበር። ሸርታቹ ሲወድቅ ጫማው በራሱ እንዲላቀቅ የሚያደርገውን ዘዴ በ1984 ወደ ፔዳል አዞረው። በዓመቱ በርናር ኢኖ በዚሁ ፔዳል ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈ፤ ከዚያ ወዲህ ጠፍር ከትልልቅ ውድድሮች እየወጣ ሄደ። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ጠፍር የድሮ ፎቶ ላይ ብቻ የሚታይ ዕቃ ሆኖ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከጫማው ሶል ሥር ክሊት የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ በሦስት ብሎን ይታሰራል። የክሊቱ አፍንጫ መጀመሪያ በፔዳሉ ፊት ካለው መንጠቆ ሥር ይገባል። ከዚያ ሲረገጥ የኋላው መያዣ ሞላውን ገፍቶ ይሸሽና ተመልሶ «ቀጭ» ይላል። ለመውጣት ተረከዝን ወደ ውጭ ጠምዘዝ ማድረግ ነው፤ ወደ ላይ ቢጎትቱት አይለቅም። የሞላው ጥብቀት በትንሽ ብሎን ስለሚስተካከል ጀማሪ እስከ መጨረሻው አላልቶ ቢጀምር ይሻለዋል። ባጃጁና እግረኛው በሚጋፋበት መስቀለኛ መንገድ ደግሞ አንዱን እግር ከመድረስ በፊት ማላቀቅ ልማድ መሆን አለበት። አዲስ ሰው የሚወድቀው ሲጋልብ ሳይሆን ሲቆም ነው።

አሁን ሚዛኑን እንይ፤ ቁጥሮቹ ሁሉ የጥንድ ናቸው። ከሉክ ወገን ኬኦ ክላሲክ 3 የተባለው 280 ግራም፣ ኬኦ 2 ማክስ 260 ግራም ይመዝናል። በተጠቀለለ የብረት ሞላ ፈንታ የካርቦን ምላስ ያለው ኬኦ ብሌድ ካርቦን ሴራሚክ 220 ግራም ሲሆን፣ ዘንጉ ቲታኒየም የሆነው ወደ 190 ግራም ይወርዳል። ከሺማኖ ኩባንያ ደግሞ አርኤስ500 የተባለው 320፣ 105 የተባለው 265፣ አልቴግራ 248፣ ዱራ-ኤስ 228 ግራም ነው። ስፒድፕሌይ ለየት ይላል፦ መቆለፊያው ያለው ፔዳሉ ላይ ሳይሆን ክሊቱ ውስጥ ነው። ፔዳሉ ክብና ትንሽ ስለሆነ በሁለቱም ፊት ይረገጣል፤ ዜሮ የተባለው 222፣ ናኖ 168 ግራም ነው። ይህን ቁጥር አይቶ መቸኮል ግን አይገባም፤ ከፔዳሉ የወረደው ክብደት ወደ ጫማው ሄዷል። ስለዚህ ማወዳደር የሚገባው ፔዳሉን ከክሊቱና ከብሎኖቹ ጋር ነው።

ከሺማኖው 320 ወደ ሉኩ 190 ቢወረድ ትርፉ 130 ግራም ነው። ጋላቢውና ብስክሌቱ አንድ ላይ 75 ኪሎ ቢሆኑ ይህ 0.17 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከኮምቦልቻ ደሴ 90 ደቂቃ የሚወጣ ሰው ጉልበቱ ሁሉ ክብደት ማንሳት ላይ ቢውል እንኳ የሚያተርፈው ከ10 ሰከንድ አይበልጥም። ከኮዳ ላይ ሁለት የቡና ሲኒ ውሃ ደፍቶ መነሳት ያንኑ ያህል ያቀላል፤ ያውም በነጻ። «የሚሽከረከር ክብደት ስለሆነ ዋጋው እጥፍ ነው» የሚለው ክርክርም እዚህ ላይ አይሠራም። በደቂቃ 80 ዙር ላይ ፔዳል በክቡ ላይ በሰከንድ 1.5 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚጓዝ እንደ ጎማ ጠርዝ አይቆጠርም። የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ደግሞ ከ2000 ጀምሮ ከ6.8 ኪሎ በታች የሆነ ብስክሌት ከውድድር አግዷል፤ ዛሬ ብዙ ብስክሌቶች ያለ ብርቅ ፔዳልም እዚያ ይደርሳሉ።

ልዩነቱ የሚታየው ሌላ ቦታ ነው። አንደኛው ዘንጉ ነው። ቲታኒየም ቀላል ነው፤ ነገር ግን ቲታኒየም ዘንግ ያላቸው ብዙ ፔዳሎች የጋላቢ ክብደት ገደብ ስላለባቸው ከመግዛት በፊት ወረቀቱን ማንበብ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ኩሽኔታው ነው። ፔዳሉን በጣት ሲያዞሩት ከሻከረ ወይም ወደ ጎን ከተነቃነቀ፣ ቀላልነቱ ምንም አይሠራም።

ሦስተኛውና ዋናው ክሊቱ ነው። ፕላስቲክ ክሊት የሚያልቀው በመጋለብ ሳይሆን በመራመድ ነው። ሻይ ለመጠጣት ወርዶ ኮብልስቶን የረገጠ፣ ደረጃ የወጣ ጫማ አፍንጫውና ጠርዙ ይበላል፤ ያለቀ ክሊት ደግሞ ባልታሰበ ሰዓት ይለቃል። የሉክና የሺማኖ ክሊት ሲታዩ ቢመሳሰሉም አንዱ ለሌላው አይሆንም። ቀለማቸውም ትርጉም አለው፦ የሺማኖ ቀይ 0፣ ሰማያዊ 2፣ ቢጫ 6 ዲግሪ ተረከዝ ያላውሳል፤ የሉክ ጥቁር 0፣ ግራጫ 4.5፣ ቀይ 9። በሁለቱ ኩባንያዎች ቀይ ፍጹም የተለያየ ነገር ነው፤ ይህን ያላወቀ ሰው ጉልበቱን ሊያሳምም ይችላል። ለጀማሪ የሚላወሰው ይሻላል።

ብዙ ለሚራመድ ሰው ሌላ መንገድ አለ። ሺማኖ በ1990 ለተራራ ብስክሌት ያወጣው ኤስፒዲ ክሊቱ ትንሽ ብረት ሲሆን በሁለት ብሎን ይታሰራል፤ ሶሉ ውስጥ ጠልቆ ስለሚቀመጥ እንደ ተራ ጫማ ያራምዳል። ለአስፋልት ተብሎ የተሠራው ኢኤስ600 279 ግራም ነው፤ ከላይ ካየናቸው ከብዙዎቹ ጋር ይቀራረባል።

ሲገጠም የሚረሳ አንድ ነገር አለ። የቀኝ ፔዳል እንደማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ይጠብቃል፤ የግራው ግን በተቃራኒው ነው። ግራውን በጉልበት የሚታገል ሰው የክራንኩን ጥርስ ይበላዋል። ጥርሱን ግራሶ መቀባትም አይዘንጋ፤ ያለበለዚያ ከዓመት በኋላ አይፈታም።

እንግዲህ ለደሴና ለኮምቦልቻ ጋላቢ የምንመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ ተተኪ ክሊቱ በቀላሉ የሚገኝለትን ዓይነት ይምረጥ፤ ቀጥሎ ኩሽኔታው ጤነኛ፣ ዘንጉ ብረት የሆነውን መካከለኛ ደረጃ ይውሰድ፤ የተረፈውን ገንዘብ ለልኩ ለሆነ ጫማና ለአንድ ተጨማሪ ጥንድ ክሊት ያውለው። ግራም መቁጠር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።